ለወሎዬው የተጣለው በሬ

ሞጣ ላይ የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም ባልጠራው ይሻላል። ለመደበቅ ብዬ አይደለም፤ ስሙ በየጊዜው ስለሚቀየር ነው። የበሩን ሰሌዳ የሚጽፈው ሰውዬ ከእኛ በላይ ሥራ አለው። ሰዎቹ ግን እነዚያው ነን፤ ወንበሮቹም እነዚያው ናቸው።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። የቢቸና ሰው ሞጣ ሲመደብ ከደረጃው ዝቅ የተደረገ ይመስለዋል፤ ሞጣዎች ደግሞ ቢቸና ማለት ከብት የሚሸጥበት ሜዳ እንጂ ከተማ መሆኑን አያምኑም። ሁለቱም በአንድ መንገድ ዳር የተቀመጡ፣ አንድ ዓይነት አቧራ የሚለብሱ፣ አንድ ዓይነት ባጃጅ የሚያጨናንቃቸው መሆናቸው የሚታየው ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ብቻ ነው። ከሌላ አገር ከመጡት አንዱ የውሃ ባለሙያችን ነበር። ወሎዬ ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ከሁላችንም ጋር ተግባብቶ ለዓመታት ኖሯል። የቢሮውን ሳቅ ግማሹን የሚያመጣው እሱ ነው። ይህ ሰው ወደ ቢቸና መዛወሩ ተሰማ።

ኃላፊያችን ወዲያው ስብሰባ ጠራ። ኃላፊያችን ሰፊ ሰው ነው፤ ልቡም፣ ድምፁም፣ ወገቡም ሰፊ ነው። ሰው ሲመጣም ሲሄድም፣ ዕቅድ ሲጸድቅም ሲከሽፍም ለእሱ መፍትሔው ሥጋ ነው።

“ይህ ልጅ ውሃ አጠጥቶናል” ብሎ ጀመረ። ቧንቧው ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ግን ለሽኝት ንግግር ይህ አይነሳም። “ስለዚህ ጎጃም ምን ዓይነት አገር እንደሆነ አይቶ መሄድ አለበት። በሬ እንጥልለታለን።”

አጨበጨብን። ወሎዬውም አጨበጨበ። እንዲያውም ከሁላችንም ረዘም አድርጎ አጨበጨበ።

ሰው መበታተን ሲጀምር የሒሳብ ሠራተኛችን ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ ጠጋ አለች። የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ፕሮቴስታንት ናት። ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ሌላው ሰው ቢዘለው የሚመርጠውን ነገር ነው የምታነሳው።

“አንድ ጥያቄ አለኝ” አለች። “እሱ ምን ይበላል?”

“ማን?”

“የሚሸኘው።”

“በሬውን ነዋ።”

“በሬውን ማን ነው የሚያርደው?”

ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ያዘ። እኔም ጣራውን ማየት ጀመርኩ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም፤ ይህን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። እኛም እናውቃለን። በሬ የሚለው ቃል ሲነሳ ግን ሌላው ዕውቀታችን ሁሉ ቦታውን ለቅቆለት ነበር።

“የጾም ምግብ ብናደርገውስ?” አልኩ። “ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ቢሠራ ሁሉም ሰው ይበላል።”

ኃላፊው እናቱን የሰደብኩበት ይመስል አፍጥጦ አየኝ። “በፍስክ ቀን ሽሮ አብልቼ ልሸኝ? ቢቸና ሄዶ ምን ብሎ ሊያወራ ነው? ያንተ አገር ሰዎችስ ምን ይሉኛል?”

ነገሩ በዚህ ተዘጋ። በሬው ይጣላል፤ ለተሸኚው ደግሞ “ለየት ያለ ነገር” ይፈለግለታል። ፈላጊዎቹ እኔና የሒሳብ ሠራተኛዋ ሆንን። እሷ የተመረጠችው የሁሉንም ስለምትበላ ነው። እኔ የተመረጥኩት ሽሮ ስላልኩ ለቅጣት ይመስለኛል።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ሰፈር ሄድን። ከየክፍለ ሀገሩ ተመድቦ የመጣ መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ ቤት የሚከራየው እዚያ ነው። ሞጣ ስኖር ብዙ ጊዜዬ ቢሆንም በዚያ በኩል የማልፈው አውቶቡስ ለመያዝ ስሮጥ ብቻ ነበር። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ሰፈሩ ሌላ ነው። በአንድ በኩል ጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ በድምፅ ማጉያ የሚለምኑ አሉ፤ ፊት ለፊታቸው የስልክ ቀፎ የሚሸጠው ሱቅ ዘፈኑን ከእነሱ በላይ ለቆታል። ማንም ማንን አይሰማም፤ ሁለቱም ግን ደንበኛ አላቸው። ሰልባጅ ልብስ መሬት ላይ ተቆልሏል። ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት ዘይቱ ውስጥ አቧራ እንዳይገባ ባጃጆቹን በማማሰያዋ ታባርራለች። በየግድግዳው ላይ የምግብ ቤት ስም ተጽፏል፤ ወሎ፣ ጉራጌ፣ ሐረር፣ አዳማ። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሄደ ሰው አገሪቱን ዞሬአታለሁ ብሎ ሊናገር ይችላል።

“ይኸው ወሎ” አልኩና በድል አድራጊነት ገባሁ። ባለቤቱ ከጓዳ ሲወጣ ተያየን። ቢቸና አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። ተሳሳምን።

“ወሎ የት ነው የኖርከው?” አልኩት።

“የትም አልኖርኩም። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ አልፌያለሁ፤ እሱንም ተኝቼ ነበር።”

“ታዲያ ስሙን ለምን ወሎ አልከው?”

“ቢቸና ምግብ ቤት ብዬ ብጽፍ ማን ይገባል?”

የሒሳብ ሠራተኛዋ ሳቋን በመዳፏ ያዘች። ይህን ነገር እሷ ፊት ባይናገረው ምን ነበረበት። ሥጋው የክርስቲያን ነው፣ ወጡ የቢቸና ነው፤ ወሎ ያለው ግድግዳው ላይ ብቻ ነው። ተሰናብተን ወጣን።

ቀጥሎ ክትፎ ቤት ገባን። ባለቤቱ የደብረ ወርቅ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ ዜማው ስላልሆነለት ወደ ቅቤው እንደዞረ ራሱ ነገረን። ክትፎን የተማረው ከስልክ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ቆጮ እንዳለው ጠየቀችው።

“ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣልናል” አለ። “አንዳንዴ መንገድ ሲዘጋ ይዘገያል።”

አመጣላት። ቁራሽ ወደ አፏ ከተተችና ማኘክ ጀመረች። እሷ የቆጮ አገር ልጅ ስለሆነች ሰውዬው ፍርዷን ቆሞ ጠበቀ። ብዙ አኘከች። እኔ በዚያ መሀል መንገዱን አየሁ፣ ተመለስኩ፣ አሁንም ታኝካለች።

“ይህ ቆጮ” አለች በመጨረሻ፣ “መንገድ ላይ ብዙ መከራ አይቷል።”

ሰውዬው ፊቱ በራ። “ሰምና ወርቅ ነው የተናገርሽው።”

“አይደለም፤ ሰም ብቻ ነው” አለችው።

የመጣንበትን ስንነግረው ለሙስሊም ደንበኛ እንቁላል እንደሚጠብስ ገለጸልን። መጥበሻው ለብቻው እንደሆነ ጠየቅሁት። “መጥበሻማ ያለን አንድ ነው” አለ፤ አባባሉ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነውረኛ እንደሆንኩ ዓይነት ነበር።

ከዚያ እንደወጣን ማን ቢያጋጥመን ጥሩ ነው፣ ወሎዬው። አረንጓዴ መጋረጃ ከተንጠለጠለበት በር በስንጥር ጥርሱን እየጎረጎረ ሲወጣ ተፋጠጥን። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም።

“በሥራ ሰዓት ምን ትሠራላችሁ?” አለን።

“ጥናት ላይ ነን” አልኩ።

“የኔን ምሳ ነዋ የምታጠኑት። አብሽሩ፣ ጥናቱ እዚህ ነው ያለው” ብሎ መጋረጃውን መልሶ ገለጠልን።

ውስጡ ጠባብ ነው። አራት ማዕዘን ጠረጴዛዎች ግድግዳውን ተጠግተዋል፤ እህል ነጋዴዎችና የባጃጅ ሾፌሮች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይበላሉ። የቤቱ እመቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። እንግዳ መሰሉኝና ጨዋታ ለመጀመር ብዬ “እትዬ፣ እርስዎ ከየት መጡ?” አልኳቸው።

“ከጓዳ” አሉ።

ሾፌሮቹ መጉረሳቸውን አቆሙ። እትዬ ጠረጴዛዬን እየወለወሉ ቀጠሉ። “እኔ የተወለድኩት እዚህ ቤት ነው፤ አባቴም እዚሁ። አንተስ ከየት መጣህ?”

“ከቢቸና።”

“አይ፣ ሩቅ ነው። እንኳን ደህና መጣህ።”

ለወሎዬው እንደገና፣ ለሒሳብ ሠራተኛዋም ሩዝ በሥጋ ቀረበ። እሷ ሳታመነታ ጀመረች። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ምንም ሳልናገር እትዬ ማር የፈሰሰበት ትኩስ ፈጢራ አመጡልኝ።

“ብላ። ለክርስቲያን እንግዳ የማስቀምጠው መጥበሻ አለኝ፤ ሥጋ ነክቶት አያውቅም” አሉኝ። ይህን ሲሉ ስለ አየሩ ሁኔታ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። የኛ መሥሪያ ቤት ማኅተም አለው፣ መኪና አለው፣ የሠራተኛ ክበብም አለው፤ እንዲህ ያለ መጥበሻ ግን የለውም።

ከመጉረሴ በፊት ወደ በሩ አየሁ። ከዚያ ጎረስኩ። ፈጢራው ጣፋጭ ነበር።

“ለምንድን ነው ያጨበጨብከው?” አልኩት ወሎዬውን።

“በሬ በስሜ ሲጣል የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ።”

“የማትበላው በሬ?”

“ስሜ ይጠራበታል አይደል እንዴ?” አለና ሳቀ። “ደግሞስ ለምጄዋለሁ። ሠርግ ስትጠሩኝ ከቤቴ በደንብ በልቼ እወጣለሁ። እዚያ ለስላሳ ይዤ እየዞርኩ እስቃለሁ። የሚስቅ ሰው ይብላ አይብላ ማንም አያይም።”

የሒሳብ ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችው። እሱ ቃሪያውን ወደሷ ገፋ አደረገላት።

እትዬን ለሽኝቱ እንዲሠሩልን ለመንናቸው። መጀመሪያ እምቢ አሉ። ዕቃቸው ከእኛ ዕቃ ጋር ከተቀላቀለ በማግስቱ ደንበኛ በምን ይበላል? በኋላ ግን ወሎዬውን አዩና ለዘብ አሉ። ራሳቸው ይመጣሉ፤ ሰሐኑ የራሳቸው፣ ጠረጴዛው ለብቻው ይሆናል፤ ማንም ላግዝዎ ብሎ እጁን አያስገባም። ተስማማን።

እኔ ወደ በሩ ሳይ ያላየሁት አንድ ሰው አይቶኝ ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስገባ የጽዳት ሠራተኛዋ በሐዘን ሰላም አለችኝ። ማታ ቤቴ ስደርስ አከራዬ በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከማኅበር የማይቀሩ፣ ጸበል የማያጡ ሴት ናቸው።

“ልጄ፣ እውነት ነው?” አሉኝ።

“ምኑ?”

“ሰለመ ብለው ነገሩኝ።”

“ፈጢራ ነው የበላሁት፣ እማማ።”

“ፈጢራ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ዳቦ ነገር ነው። በማር።”

“ዳቦ እኔ ቤት ጠፋ? ማርስ?” አሉ። ለማስረዳት ሞከርኩ። ስለ መጥበሻው ነገርኳቸው። አዳመጡኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጠዋት ስነሳ ግን ኩባያዬ ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮቱ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ለጥቂት ሳምንት እዚያው ኖረ። ሲረሱት ተመለሰ።

የሽኝቱ ቀን ሐሙስ ነበር። በሬው ከማለዳው ወድቋል፤ አዳራሹ ውስጥ ቁርጥ፣ ጥብስና ዱለት ተደርድሯል። ኃላፊው ቢላ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ እንደዚያ ቀን ሲሠራ አይቼው አላውቅም። እትዬ በባጃጅ መጡ። ማእዘኑ ላይ በተሰጣቸው ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ አነጠፉ፣ ሰሐኖቻቸውን ደረደሩ፣ ድስታቸውን ከፈቱ። ሽታው አዳራሹን አልፎ ግቢው ድረስ ሄደ። ቁርጥ ምንም ሽታ እንደሌለው ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት።

ወሎዬው ለብቻው እንዳይቀመጥ ብላ የሒሳብ ሠራተኛዋ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ያልጠበቅነው ሰው ከውጭ ገባ። የግቢው ጥበቃ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ጋሼ እንለዋለን፤ ሌላ ስም እንዳለው ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ጋሼ የጨጓራ በሽተኛ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በየድግሱ ሥጋ ስንሰጠው “ሆዴን ያመኛል” እያለ ይመልሳል። ዓርብ ዓርብ ቀትር ላይ የሚጠፋው ለሕክምና ይመስለን ነበር። ኃላፊው ደግሞ ለሠራተኛ የሚያስብ ሰው ስለሆነ ለዓመታት ተልባ እያስመጣ አጠጥቶታል፤ ሳይጨርስ ብርጭቆውን አይቀበለውም።

ጋሼ በቁርጡ በኩል አለፈ፤ ማእዘኑ ጋ ደረሰ፤ እትዬን በጤናቸው ጠየቀ፤ ተቀመጠ። ሰሐኑ ሞልቶ ቀረበለት፤ ጨረሰው፤ ተጨመረለት። ኃላፊው ቢላውን እንደያዘ ደንግጦ መጣ።

“ጋሼ፣ ይህ እኮ ቅመም አለው። ጨጓራዎስ?”

ጋሼ አፉን ጠረገ። “አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ተሽሎኛል።”

አንድ ሰው ሳቅ ሊጀምር ብሎ ተወው። ኃላፊው ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ ዞረ።

“አንቺ ታውቂ ነበር?”

“ደመወዝ ስሠራ ስማቸውን በየወሩ አነባለሁ” አለች።

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

ኃላፊው ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን ጥቂት አሰበና የተልባውን ውጤት ማየቱ እንዳስደሰተው ለጋሼ ነገረው። ጋሼም አመሰገነው። እስከ ዛሬ ድረስ ኃላፊያችን ያዳነው እሱ እንደሆነ ያምናል፤ ጋሼም ይህን አይከለክለውም።

ከዚያ ንግግር ሆነ። ኃላፊው “በአንድ ማዕድ የምንበላ አንድ ቤተሰብ ነን” ሲል ሁለቱን ማዕዶች በእጁ እያመለከተ ነበር። ስጦታ ቀረበ። የስጦታ ኮሚቴው ሌላ ነው፤ ከእኛ ጋር አይነጋገርም። ወሎዬው ወረቀቱን ሲቀድ ውስጡ ጥጥ ተጠቅጥቆበት የሚያብረቀርቁ የጠጅ ብርሌዎች ወጡ። እኔ መሬቱን አየሁ። እሱ አንዱን ብርሌ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው።

“ያምራል። ማር አስቀምጥበታለሁ” አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

እትዬ ድስታቸው ባዶ ሆኖ ሄዱ። በሬው ግን ተረፈ፤ ለሳምንት ያህል ቢሮው ቋንጣ ቋንጣ ይሸት ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ኃላፊው ግን የማእዘኑን ጠረጴዛ በሪፖርቱ ውስጥ አስገባው፤ “ብዝኃነትን ያከበረ የመስተንግዶ ሥርዓት” ብሎ። ከላይ ምርጥ ተሞክሮ ተባለ። ከግንደወይን ተሞክሮ የሚቀስም ቡድን መጣ። ጠረጴዛውን ጎበኙ። በመሀሉ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተቀምጦበት ስለነበር ማሽኑን አንስተን አሳየናቸው። አንዷ ባለሙያ ርዝመቱን ጠየቀች፤ ሌላው ፎቶ አነሳው። ስለ እትዬ የጠየቀ አልነበረም። የመጡበት ቀን ረቡዕ ስለነበር ሁላችንም ሽሮ በላን፤ ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር።

ከወራት በኋላ ለእረፍት ቢቸና ሄድኩ። ወሎዬው ስልክ ደውሎ ምሳ ጋበዘኝ። የገበያ ቀን ነው። ከብት ተራውን አልፈን እኔ ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ እኔ በማላውቀው መተላለፊያ ይዞኝ ገባ፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሰላም የሚለው ሰው ብዛቱ አናደደኝ። በቆርቆሮ የተሠራች ቤት ደረስን። ከወሎ የመጡ በሬ ነጋዴዎች፣ የእነማይ ወረዳ ገበሬዎች፣ አንዲት የትግራይ ልጅ የሆነች ነርስ፣ ሁሉም ጭቃ እንደረገጠ ተቀምጧል። ለእሱ ሥጋ፣ ለእኔ እንቁላል ተጠበሰ። መጥበሻውን አላጣራሁም።

መሀል ላይ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ወረደና ከውጭ ያለው ገበያ ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ። ቦታ ስላልነበረ ሰው ቆሞ ይበላ ጀመር። አንድ ሽማግሌ የገዙትን ጥጃ ገመድ እንደያዙ ገቡ፤ ጥጃው አንገቱን በበሩ አስገብቶ ቆመ፤ ጀርባውን ውጭ ዝናብ ይመታዋል። ባለቤቷ ልታባርረው ማማሰያ አነሳችና ፊቱን አይታ ተወችው። ወሎዬው ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ ለጥጃው ጭንቅላት ቦታ ሰጠ፤ ዝናቡ እስኪያባራም ጥጃው በሳህኖቻችን መሀል እየተነፈሰ ቆየ።